ጣናን የምታቋርጠው የገበያተኞች ጀልባ

ውሃ ሰውን ከሰው ይለያያል፤ ውሃ ሰውን ከሰው ያገናኛል። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የጎጃምን ምድር ማየት ይበቃል። ከየጥኖራ እስከ ቢቸና፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው ደጋ የሚኖረው ሕዝብ ዓባይን የሚያውቀው በድንበርነቱ ነው። ማዶ ያለውን የቤጌምድርንና የወሎን አገር ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ በዐይኑ ያየዋል፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ግን ዘመዱ ሞተም ተዳረም ሊደርስለት አይችልም ነበር።

ከሞጣ ወደ ማዶ ያሻግር የነበረው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወገቡ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» የሚለውን ስም አተረፈ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ እየታሰረ፣ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ጎልማሶች ጉልበት እየተሳበ ይሻገር ነበር። ፎቶግራፉ በውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጥቶ ካዩት ሰዎች አንዱ ተነሣሥቶ ድልድዩ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። እንግዲህ አንድን ወንዝ ለመሻገር ስንት ዘመንና ስንት ድካም እንደሚጠይቅ የሞጣ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

ይኸው ውሃ ግን ገና ወንዝ ሳይሆን፣ በጣና ተንጣልሎ በተኛበት ስፍራ ጠባዩ ሌላ ነው። ጣና ለዳርቻውና ለደሴቶቹ ሕዝብ መንገድ ሆኖ ኖሯል። ውሃውን መንገድ ያደረገውም ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ጀልባ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናነሣው ስለ ገዳማቱ ውበት ወይም ስለ አገር ጐብኚዎች ሽርሽር አይደለም። ገበያተኛውን ከነጆንያው፣ ተማሪውን ከነስንቁ፣ ሕመምተኛውን ከነአስታማሚው ጭና ከወደብ ወደ ወደብ ስለምትመላለሰው ስለ ሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ነው።

ጀልባ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ርዝመት ከ80 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን የጥልቀት ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሐይቁ ውስጥ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ገዳም የተገደመባቸው ትናንሽ ጉብታዎች ናቸው። ትልቁ ደሴት ደቅ ግን ገዳም ብቻ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት ይህ ደሴት በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች አርሰው፣ ዘርተው፣ ልጅ አሳድገው የሚኖሩበት አገር ነው። የደቅ ሰው ጨው ቢያልቅበት፣ ቆርቆሮ ቢያምረው፣ ልጁ ቢታመምበት በሬ ጠምዶ ወይም በቅሎ ጭኖ የሚሄድበት ጥርጊያ የለውም። መንገዱ ውሃ ነው።

የዘጌ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። ዘጌ በሐይቁ ደቡባዊ ዳር ወደ ውሃው የገባ፣ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ምድር ነው። በአባቶች ሥርዓት መሠረት በዚያ ምድር ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ የሚተዳደረው በቡናና በጌሾ፣ በፍራፍሬና በማገዶ ነው። ይህ ማለት ዘጌ የምትበላውን እህል ከውጭ የምታመጣ አገር ናት ማለት ነው። ቡናውና ጌሾው ካልወጣ፣ ጤፉና ዳጉሳው ካልገባ፣ የዘጌ ጓዳ ባዶ ነው። በሌላ አገር ሰው ጀልባን እንደ ምቾት ይቈጥራት ይሆናል፤ በዘጌ ግን ጀልባ ማለት ግማሽ ጎተራ ማለት ነው።

ከደንገል እስከ ሞተር

ሞተር ከመምጣቱ በፊት ይህን ሁሉ ጭነት የተሸከመው የደንገል ታንኳ ነው። በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በገመድ አጥብቀው አስረው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው። ታንኳው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ድንጋይ ቢመታው እንደ እንጨት ጀልባ አይሰነጠቅም። ጉድለቱ ውሃ መጠጣቱ ነው። ከተጠቀሙበት በኋላ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላሰጡት ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

የዚህ ደንገል ዝና ከአገራችን አልፎ ሄዷል። ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ በተከራከረ ጊዜ፣ እ.አ.አ. በ1969 «ራ» ብሎ የሰየማትን ጀልባ ያሠራው ከጣና ተጭኖ በሄደ ደንገል ነው። የመጀመሪያይቱ ራ መንገዷን ሳትጨርስ ቀረች፤ በማግሥቱ ዓመት የተነሣችው ሁለተኛይቱ ራ ግን ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች። ከዚያ በፊትም በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን ሐይቁን በ1930ዎቹ የአውሮጳ ዓመታት መጀመሪያ እየዞረ ሲያጠና ከደሴት ወደ ደሴት ያደረሰችው ይህችው ታንኳ ናት።

በሐይቁ ላይ የሞተር መርከብ ሥራ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ በስተሰሜን ያለችው ጎርጎራም የዚያ ዘመን ወደብ ነበረች። ወራሪው መርከቦቹን ያመጣው ለጦሩና ለንግዱ ሲል ነው። ወራሪው ከወጣ በኋላ ግን ሥራው ቀጥሎ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት የሚባለው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ሲመራው ኖረ። ከጀልባዎቹ መካከል የአንዲቱ ስም «ጣና ነሽ» ነው።

የሳምንቱ ዑደት

ለብዙ ዓመታት በጸናው ልማድ ጀልባዋ እሑድ ጧት ከባሕር ዳር ትነሣ ነበር። ዘጌንና ደቅን ነክታ በምዕራቡ ዳርቻ ቁንዝላ ታድራለች። በማግሥቱ ሰኞ በእሰይ ደብርና በደልጊ በኩል አድርጋ ጎርጎራ ትደርሳለች። ከጎርጎራ ሐሙስ ተነሥታ ዓርብ ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች።

ይህን የቀን ቀመር የሚሰማ እንግዳ፣ «ሰማንያ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የውሃ መንገድ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል እንዴ?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ነገሩን በጥሞና ለሚመለከተው ግን ቀመሩ ብልሃት አለው። የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። ዓርብ የገባው ገበያተኛ አድሮ ቅዳሜ ያመጣውን ይሸጣል፣ የሚፈልገውን ይገዛል፤ እሑድ ጧት ደግሞ ዕቃውን ጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጀልባዋ የተገዛችው ለገበያተኛው ቀን ነበር። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው በመኪና በጎንደር በኩል ሊዞር ይችላል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎንደር ጎርጎራ ደግሞ ከ60 በላይ ነው። ለደቅ ሰው ግን የሚዞርበት አቅጣጫ የለም።

በወደቡ ላይ እሑድ ጧት የሚሆነው ነገር የአውቶቡስ መናኸሪያን ሁካታ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እዚህ የዘገየ ሰው የሚቀጥለውን የሚጠብቀው ለሰዓት ሳይሆን ለሳምንት መሆኑ ነው። ስለዚህ ማንም አይዘገይም። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በእንስራና በዘንቢል መካከል ቦታ ይይዛሉ። ስኳርና ላምባ፣ ቆርቆሮና ሚስማር፣ የቢራ ሳጥንና የሳሙና ካርቶን ከታች ይደረደራል። እግሯ የታሰረች ዶሮ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ጭን ትተላለፋለች። መነኩሴውም፣ ፖሊሱም፣ ወደ ሥራ ቦታዋ የምትመለሰው አስተማሪም በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። በመንገድ ላይ የገበያ ዋጋ ይወራል፤ የሙግት ወሬ ይነገራል፤ ለቅሶ ያልተደራረሰ ይደራረሳል፤ ወንድና ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ስለ ጋብቻ ይነጋገራሉ። ደብዳቤና አደራ ገንዘብም እንዲሁ በሰው በሰው ይላካል። ጀልባዋ ዕቃና ሰው ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ጠቅላላ ኑሮ ተሸክማ ትሄዳለች ማለት ነው።

ከመሪው ጀርባ ያሉት

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች በቍጥር ጥቂቶች ናቸው። ካፒቴኑ መሪውን ይይዛል፤ መካኒኩ ከታች ሞተሩን ይጠብቃል፤ መርከበኞቹ ገመድ ይጥላሉ፣ ጭነት ያከፋፍላሉ፤ ቲኬት ቆራጩ ከተሳፋሪው ጋር ስለ ጆንያ ዋጋ ይከራከራል።

ሥራቸው ከዳር ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የጣና ጠባይ አታላይ ነው። ጧት ሐይቁ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ረግቶ ይውላል ያሉት፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይቆጣል። ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይከተላል። ረጅሙ የውቅያኖስ ማዕበል መርከብን ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ያወርዳታል፤ የጣና ማዕበል ግን እየደጋገመ ይመታታል። ስለዚህ ጠዋት መነሣት የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጥንቃቄ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ጭነት ነው። «አንድ ሰው ብቻ ጨምሩ፣ እናቴ ታማብኛለች» ብሎ የሚለምን ሰው በወደቡ ላይ አይጠፋም። ልመናውም እውነት ነው። ጨክኖ እምቢ ማለት ግን ደግነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.አ.አ. በ1996 ቡኮባ የተባለችው የታንዛንያ መርከብ ከልክ በላይ ጭና ተገልብጣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በዚያው ሐይቅ በ2018 ኔሬሬ የተባለችው ጀልባ እንዲሁ ከልክ በላይ ጭና ወደቡ አጠገብ ስትደርስ ተገልብጣ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም የገበያና የዘመድ መንገደኛ የሞላባቸው የሕዝብ ጀልባዎች ነበሩ። ይህ አደጋ የሚመጣው ከሠራተኛው ስግብግብነት ብቻ አይደለም። ጀልባ አንዲት ብቻ ስትሆን፣ ቀኗም በሳምንት አንድ ሲሆን፣ የቀረ ሁሉ ስለሚቀር ሕዝቡ ራሱ ይጫናታል። ደኅንነት የሚገኘው ተሳፋሪን በመቆጣት ሳይሆን ጀልባ በመጨመር ነው።

ውሃው በጎደለ ጊዜ

አሁን ወደ ጥልቀቱ ነገር እንመለስ። ጀልባ ለመንሳፈፍ ከሆዷ በታች በቂ ውሃ ያስፈልጋታል። ባለሙያዎች ባጠኑት መሠረት የጣና መርከቦች በደኅና ሊሠሩ የሚችሉት የሐይቁ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር ሳይወርድ ሲቀር ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ እ.አ.አ. በ1996 የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቶ ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ በመጠን ይለቀቅ ጀመር። በ2003 ድርቅ ሆነ፤ ለኤሌክትሪክም ውሃ ተለቀቀ። የሐይቁ ገጽ ከዚያ ልክ በታች ወረደና መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል ቆሙ።

አራት ወር! ይህ ለደቅ ገበሬ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ ነበር። ይህን የምንለው ኤሌክትሪክን ነቅፈን አይደለም፤ ያለ እርሱ ፋብሪካም ሐኪም ቤትም አይሠራም። ከ2010 እ.አ.አ. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በስተምዕራብ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። የምንለው ይህን ነው፤ ውሃው ሲከፋፈል በጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል የጀልባዋ ተሳፋሪ የሚወከልበት ወንበር ይኑር።

በውሃ ጉድለት ላይ እምቦጭ ተጨምሯል። እ.አ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው ይህ አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዳርቻውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መቅዘፊያ ሲይዝ ቆይቷል። በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ታይቷል። መንገድን መጥረግ ማለት በጣና ይህ ነው።

የትርፍና የኪሳራ ጥያቄ

እኛ በቅርብ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ወጣቶች ማናቸውንም ነገር በገቢና በወጪ መመዘን ተምረናል። መዝገቡን ገልጦ ጀልባዋን ለሚመረምር ሰው የሚታየው ደስ የሚል አይደለም። ነዳጁ ውድ ነው፤ መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል፤ ተሳፋሪው ድኻ ስለሆነ ዋጋ መጨመር ያስቸግራል። በምዕራቡ ዳርቻ መንገድ በተሠራ ቍጥርም ጭነቱ ወደ መኪና ይሸሻል። ይህ ክርክር ውሸት አይደለም፤ መኪና በሚገባበት ወደብ ጀልባ ብትቀር ብዙ ጉዳት ላይኖር ይችላል።

ነገር ግን ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት ማየት ይጠቅማል። በሆንግ ኮንግ እ.አ.አ. በ1966 የስታር ጀልባ የአንደኛ ማዕርግ ዋጋ በአምስት ሳንቲም ሊጨመር ነው ቢባል አንድ ወጣት ምግብ አልበላም ብሎ በጀልባው ወደብ ተቀመጠ፤ ነገሩ ሰፍቶ ለብዙ ሌሊት የከተማ ሁከት ሆነ። አምስት ሳንቲም ትንሽ ናት፤ በየቀኑ ለሚሻገር ሠራተኛ ግን የምትደጋገም ትንሽ ናት። ኒው ዮርክ በበኩሏ ማንሃተንን ከስታተን ደሴት ጋር የሚያገናኘውን ጀልባ ከ1997 እ.አ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ አድርጋዋለች። የዚያች ከተማ ሰዎች ቍጥር የማያውቁ ሆነው አይደለም። ለደሴቱ ነዋሪ ጀልባው አስፋልቱ ስለሆነ፣ ከሌላው አስፋልት ተለይቶ እርሱ ብቻ ዋጋ የሚከፈልበት ምክንያት ስላልታያቸው ነው።

እኛም መንገድ ስንሠራ አስፋልቱ በየወሩ ስንት አተረፈ ብለን አንጠይቅም። ከደጀን ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ የትርፍ መዝገብ የለውም፤ ሆኖም ስለ ጥቅሙ የሚጠራጠር የለም። የጣናው ውሃ መንገድ በሌላ ሚዛን የሚመዘንበት ምክንያት ምንድን ነው?

አዲሲቱ ጀልባ

በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ ፪» የተባለች ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በተሽከርካሪ ተጭና፣ ባሕር በሌለበት አገር በየብስ እየተጓዘች ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ወጥቶ በመደነቅ ተመልክቷታል። ተራራ የወጣች፣ ሜዳ ያቋረጠች መርከብ ማየት በየቀኑ የሚገኝ ዕድል አይደለም። ደስታውም ተገቢ ነበር።

ከደስታው በኋላ ግን ጥያቄ ይከተላል። በባሕር ዳር ጐብኚዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች ብዙ ናቸው፤ በጎርጎራም ያማረ የእንግዶች ማረፊያ ተሠርቷል። ጐብኚ ገንዘብ ያመጣል፤ ይምጣ፤ እሰየው። ሆኖም ጐብኚ ጀልባ ቢያጣ ሌላ ቀን ይመለሳል፤ ወይም ፎቶግራፍ ሳያነሣ ይቀራል። ምጥ የያዛት የደቅ ሴት ጀልባ ብታጣ የምትሳፈረው በደንገል ታንኳ ነው፤ ነፋሱም ከቀትር በኋላ ይነሣል።

ስለዚህ ለአዲሲቱም ሆነ ለሌሎቹ ጀልባዎች ከሁሉ የሚበልጠው ጌጥ የታወቀ ቀን ነው። ገበሬ ዘሩን የሚዘራው ዝናብ በወቅቱ እንደሚመጣ አምኖ ነው። ገበያተኛም ቡናዋን የምትለቅመው፣ ዶሮዋን የምታስረው፣ ብድሯን የምትቀጥረው ጀልባዋ በቀኗ እንደምትመጣ አምና ነው። ትልቅ ሆና ቀኗ የማይታወቅ ጀልባ ለደቅና ለዘጌ ሰው ጥቅሟ ጥቂት ነው፤ ትንሽና አዝጋሚ ሆና ቀኗን የማትስት ጀልባ ግን ድልድይ ናት። የሞጣ ሰዎች በገመድ እየተሳቡ ዓባይን በተሻገሩባቸው ዓመታት የተመኙት እንዲህ ያለውን፣ በሄዱበት ጊዜ ሁሉ በቦታው የሚያገኙትን ነገር ነበር።